ሁለት ላይ የቆመው ቁጥር

ጊዜው 2015 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሜዳውን ነጭ የሚያደርግበት ወቅት። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ሆኖም እስከ ዛሬ ፋርማሲ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ፍሪጁ ወዳለበት ጥግ ነው። አንድ ቀን ሌላ እናት ይጠቅማት ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ባለቤቴ መሪጌታ ነው፤ ደብር ያገለግላል፣ ተማሪዎችም ያስተምራል። እግዚአብሔር አንዲት ሴት ልጅ ሰጥቶናል፤ ጽዮን ትባላለች። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስኳር አለባት፣ በልጅነት የሚጀምረው ዓይነት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትኖርም። ይህን ከተቀበልን ሰንብተናል። መርፌውን ራሷ ትይዛለች፣ እኔ መጠኑን አያለሁ፣ አባቷ ያማትባል። የቤታችን ጠዋት እንዲህ ነው የሚጀምረው።

በዚያ ጥቅምት ስኳሯ ያለ ምክንያት ይወጣ ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከረሜላ ነው። ቦርሳዋን ፈተሽኩ፣ የዩኒፎርሟን ኪስ ገለበጥኩ። ወረቀት እንኳ አላገኘሁም። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ልጅ አይታ ባዶ እጁን አትሰድም፤ እሷንም ጠየቅኋት።

"ምን አደረግኩሽ እቴ?" አለችኝ ቅር ብሏት። "ለልጅሽ ከቆሎ ሌላ ሰጥቼ አላውቅም። ቆሎውንም ቢሆን አንቺ 'በልክ' ካልሽኝ ወዲህ እንደ መቁጠሪያ እየቆጠርኩ ነው የምሰጣት።"

ጽዮንን አስቀምጬ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ፣ "እማዬ፣ ማርያምን አልበላሁም" አለችኝ። በቤታችን በእመቤታችን ስም ዝም ብሎ አይማልም። አመንኳት። ነገር ግን እሷን ካመንኩ የምጠረጥረው ሌላ ነገር መኖር ነበረበት።

የስኳር መለኪያውን ጠረጠርኩ፤ ጤና ጣቢያ ወስጄ ከነሱ መለኪያ ጋር አስተያየሁት፣ ትክክል ነው። መርፌውን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩት። ሐኪሟ አየን። ጉንፋን ይዟት ይሆናል፣ ልጅ ሲያድግም መጠኑ ይጨምራል አለን፤ መጠኑን ከፍ አደረገው። ስኳሯ አልወረደም። እንደገና ከፍ አደረገው። አሁንም አልወረደም። ልጄ ውኃ አልጠግብ አለች። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደሚጥላት አስተማሪዋ ነገረችኝ።

"ካስመለሳት ወይም ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ከሸተተ፣ ደቂቃ ሳትቆዩ ይዛችኋት ኑ" ብሎ አስጠንቅቆን ነበር ሐኪሙ። ከዚያ በኋላ ልጄን ስስማት እንኳ የምስማት ትንፋሿን ለማሽተት ነበር።

አንድ ማታ ብልቃጡን በሁለት መዳፌ መካከል እያንከባለልኩ ሳለሁ ልብ አልኩት። የጽዮን ኢንሱሊን ነጭ ነው፤ ሲንከባለል እንደ ስስ ወተት እኩል ይሆናል። ያኔ ግን እኩል አልሆነም። ወተት ሲበጣጠስ እንደሚሆነው ጥቃቅን ቁርጥራጭ ነበረው። አንዳንዱ ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፣ መስኮት ላይ እንዳደረ ውርጭ።

ለባለቤቴ አሳየሁት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

"ጠበሉንም ታጠጫታለሽ፣ መድኃኒቱንም ትወጊያታለሽ" አለኝ። "ግን የምትወጊያት መድኃኒት መሆኑን እወቂ።"

በዚያ ሰሞን ኢንሱሊን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በመንግሥት ፋርማሲ ያለው አልቆ ነበር፤ በከተማው ጠይቄ ያገኘሁት ጋሽ ወርቁ ፋርማሲ ብቻ ነው። ጋሽ ወርቁ ሸዋ ሮቢት ብዙ ዓመት ሠርተው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ፋሲካ ማግሥት ዕቃቸውን ጭነው ወደ እኛ የወጡ ሰው ናቸው። ቀልደኛ ናቸው፣ ሰው ይወዳቸዋል። ፋርማሲው ውስጥ ከመደርደሪያው በላይ አንድ ስክሪን ሰቅለዋል። "የመድኃኒት ፍሪጅ ሙቀት፦ 2 ዲግሪ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ በአረንጓዴ "ደህና ነው" ይላል።

ብልቃጡን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ከዚህ ስታወጪው እንዲህ ነበር?"

"አላየሁም።"

"እንግዲህ ቤትሽ ነው የተበላሸው። ጸሐይ ነካው ወይም ምድጃ አጠገብ አስቀመጥሽው። የኔን ተመልከቺው" ብለው ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ። "ከሁለት እስከ ስምንት ይሁን ነው የሚለው ሕጉ። ሁለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?"

"ፍሪጁን ይክፈቱልኝና ልየው።"

"ፍሪጅ እንደ ገበያ አይከፈትም እቴ፤ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ሰው እየመጣ 'ክፈትልኝ ልየው' እንዳይለኝ አይደል ይህን ስክሪን ያስገጠምኩት?"

ሌላ ብልቃጥ ሰጡኝ። ያንንም እንደ ወትሮው በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ቤት ሳንከባልለው እሱም ተበጣጥሷል።

ከዚያ በኋላ ያንን ስክሪን መከታተል ጀመርኩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አንገቴን አስግቼ አያለሁ፤ ሁለት። በምሳ ሰዓት አልፋለሁ፤ ሁለት። ማታ ስመለስ፤ ሁለት። የደብረ ብርሃንን ጥቅምት የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት እንደሚያስጠረጥር ይገባዋል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ጋቢውን በክንዱ ይዞ ነው የሚመለሰው። ወጥ ቤቴ ያለው ዘይት እንኳ ጠዋት ይረጋል፣ ቀን ይፈታል። ያ ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም።

"ጋሽ ወርቁ፣ ይህ ቁጥር ለምንድነው የማይለወጠው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

ሰው ሞልቷል፤ ተራ የሚጠብቅ ወታደርም አለ።

"ሁለትን ካልወደድሽው ሦስት ላድርግልሽ?" አሉኝ።

"ይደረጋል እንዴ?"

"ኧረ የመሪጌታ ሚስት! ቁጥሩም ንስሐ ይግባ ልትዪ ነው?"

ወታደሩ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። "ሦስት ላድርግልሽ" ያሉት ቀልድ ነው። ቢሆንም ከልቤ አልወጣ አለ። ቁጥሩ በእጅ የሚጻፍ ቢሆንስ? ደንበኛ ደስ እንዲለው አንድ ሰው "2" ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ "ደህና ነው" ብሎ አረንጓዴ ቀብቶት ቢሆንስ?

ከስክሪኑ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሠራው ሰው ስምና ስልክ አለ። ሰኢድ ይላል። ደወልኩ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።" ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። ጋሽ ወርቁን የት እንደሚገኝ ጠየቅኋቸው።

"ጎረቤላ ነው፣ ገበያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። ምን ልትዪው ነው?"

"እጠይቀዋለሁ።"

"አንቺ ሴት፣ ፖሊስ ብትሆኚ አገር ሰላም ባደረ ነበር" አሉኝ።

በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ጽዮንን ለአባቷ አደራ አልኩት፤ ትንፋሿን እንዳይረሳ ነገርኩት። ብልቃጡን በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ከመናኸሪያ የአንኮበሩን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ጎረቤላ እስክንደርስ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ በየመሐሉ ያንን ሰው ምን ብዬ እንደማፋጥጠው ነበር የማስበው።

ሱቁን አላጣሁትም። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው የተፈታታ ሞባይል ላይ አጎንብሷል።

"የጋሽ ወርቁን ስክሪን የሠራኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እትዬ። ተበላሸ እንዴ?"

"እሱን አንተ ንገረኝ። ቁጥሩን በእጅህ ነው የጻፍከው?"

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

"ወላሂ አልጻፍኩም። ለምን ብዬ እጽፋለሁ?"

"ሁልጊዜ ሁለት ነው።"

"ሁልጊዜ ሲሉ?"

"ጠዋት ሁለት። ቀትር ሁለት። ማታ ሁለት።"

የሰው ፊት ሲለወጥ አውቃለሁ፤ የሱም ተለወጠ። የተያዘ ሌባ ፊት ነው ወይስ የደነገጠ ሰው፣ ያኔ መለየት አልቻልኩም።

"ቴርሞሜትር እንዲህ አያወራም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ይህን ሁሉ መንገድ ለአንድ ቁጥር ብለው መጡ?"

መሐረቡን ፈትቼ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። "ለልጄ ብዬ ነው የመጣሁት" አልኩት። "ስኳር አለባት። መድኃኒቱ አልሠራ አላት።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ዘጠኝ።"

ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ጎረቤቱን "ሱቁን እይልኝ" አለውና ከኔ ቀድሞ ወደ መኪናው ሄደ።

እንዲህ ሲሆንልኝ ማመን ነበረብኝ። አላመንኩም። ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን ይዞ ይነካካል፤ በመስኮት ወደ ውጭ ዘርግቶ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይነካካል። ከሩቅ ሆኖ ቁጥሩን ሊያስተካክለው ነው፣ እኔ ስደርስ "ይኸው ሠራ" ሊሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ለማን ነው የምትጽፈው?" አልኩት።

"ለጋሽ ወርቁ ልደውል ነበር፣ ኔትወርክ የለም።"

"ስንደርስ ትነግራቸዋለህ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተው። ጠረጠርኩት ብሎ አልተቀየመኝም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። "እናቴም እንደርስዎ ነች" አለኝ።

ፋርማሲ ስንገባ ጋሽ ወርቁ፣ "ታስረህ ነው የመጣኸው?" አሉት። ሰኢድ አልሳቀም። ስክሪኑን ቀና ብሎ አየ፤ ሁለት፣ ደህና ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ስክሪኑን የሚያሠራው ኮምፒውተር አለ። ሁለቱም ወደዚያ ገቡ፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ። ምን እንደሚነካ ለማየት ከትከሻው ኋላ ቆምኩ።

"ይቅረቡ እትዬ፣ እርስዎም ይዩት" አለኝ። "ይህ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ገጽ ራሱ ቴርሞሜትሩን አያውቀውም። ከቴርሞሜትሩ ጋር የመጣ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ገጹ እሱን ይጠራዋል። እሱ ሙቀቱን ያነብና እንዲህ ባለ ጥቁር መስኮት ላይ ይጽፋል። ገጹ የተጻፈውን ተቀብሎ ለሰው ያሳያል። የኔ ሥራ ያንን መቀበያ መሥራት ነው።"

"ታዲያ የዋሸው ማንኛው ነው?"

"ፕሮግራሙን በቀጥታ እንጠይቀው፤ ገጹ መሐል አይግባ።"

ጥቁር መስኮት ከፈተ። አንድ ቃል ጻፈና የማስገቢያ ቁልፉን ነካ። ወዲያው በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ወጣ። ሰኢድ ጎንበስ ብሎ አነበበው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቋንቋው ባይሞላልኝም ከቁጥሩ ፊት ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ።

"አንብብልኝ" አልኩት።

"'ማስጠንቀቂያ' ይላል። 'ከዜሮ በታች ሦስት።'"

ከጥቁሩ መስኮት ጎን ገጹ ተከፍቷል። አንዱ ከዜሮ በታች ሦስት እያለ፣ ሌላው በአረንጓዴ ሁለት፣ ደህና ነው ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ፍሪጅ ነው የሚናገሩት። አጠገቤ ያለ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኢድ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ገባኝ" አለ። "ፕሮግራሙ ሁለት መውጫ አለው። ደህናውን በአንዱ በኩል ያወጣል። ስሕተትና ማስጠንቀቂያ ሲሆን ደግሞ በሌላው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ስለሚታዩ ልዩነቱ አይታወቅም። ገጹን ግን የመጀመሪያውን ብቻ እንዲቀበል ነው ያዘዝኩት። በግንቦት ስገጥመው ሙቀቱ ከሁለት በታች ወርዶ ስላላየሁት፣ ሁለተኛው መውጫ መኖሩ ትዝም አላለኝ። ሙቀቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ሁለት ደረሰ። ከዚያ በታች ሲሆን ፕሮግራሙ መጮህ ጀመረ፤ ጩኸቱን የሚቀበለው አልነበረም።"

"የሚቀበለው ነገር ከሌለ ገጹ ባዶ አይሆንም?" አልኩት። ጥርጣሬዬ ገና አልለቀቀኝም ነበር። "ሁለቱን ከየት አመጣው?"

ሰኢድ ጋሽ ወርቁን አየ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሉ። "መብራት ሲቆራረጥ ቁጥሩ ይጠፋ ነበር። ሰው 'ፍሪጁ ሞተ እንዴ?' እያለ አስቸገረኝ። ባዶ አታድርገው፣ የመጨረሻውን ቁጥር አሳይ አልኩት።"

ተነሥተው ፍሪጁን ከፈቱ። የኋላ ግድግዳው በሙሉ በረዶ ነው። የኢንሱሊኑ ካርቶን ከግድግዳው ተጣብቋል። ሲስቡት ተቀደደ፤ ከኋላ የነበሩት ሁለት ብልቃጦች በረዶው ላይ ቀሩ።

"ጋሼ፣ ይህን በረዶ አላዩትም ነበር?" አላቸው ሰኢድ።

"አየዋለሁ እንጂ! በየቀኑ አየዋለሁ። ቆላ እኮ ነው የኖርኩት፤ ሸዋ ሮቢት በረዶ የያዘ ፍሪጅ ከተገኘ ተመስገን ይባላል።" እጃቸውን ወደ ፍሪጁ ቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ ሰደዱ። መጨረሻው ላይ ነው ያለው። "እዚያ እያለሁ እንዳዞርኩት ነው። ጭኜ አመጣሁት፣ ሰካሁት፣ አልነካሁትም።"

የቆላ ፍሪጅ ደጋ ወጥቶ እንደ ቆላው እየሠራ ነበር። በክረምቱ ምናልባት ችሎታል፤ የጥቅምት ውርጭ ሲጨመርበት ግን መድኃኒቱ እየረጋና እየፈታ ሰንብቷል። የረጋ ኢንሱሊን ቢፈታም ኃይሉ አይመለስም። ልጄ ለሳምንታት ስትወጋ የነበረው ይህንን ነው።

ሰኢድ ጥቂት ምልክቶች ጨመረ። ሁለተኛው መውጫ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ እንዲገባ ነው አለኝ። የመጨረሻውን ቁጥር የሚያሳየውን ትእዛዝም አጠፋው። ወደ ፊት ወጥተን ስክሪኑን አየን። ቀይ ሆኗል። ከዜሮ በታች ሦስት። አደጋ።

በዚያው ቅጽበት አንድ ደንበኛ ገባ፤ ስክሪኑን አይቶ ቆመ።

"አጥፋው ሰኢድ" አሉ ጋሽ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ስሜን ነው የምታጠፋው።"

"ጋሼ፣ ይታይ።"

የሁለቱን ፊት አየሁ። ጋሽ ወርቁ ሰውየውን አዩት። ከዚያ ራሳቸው ወጥተው በሩ ላይ "ዝግ ነው" የሚለውን ገለበጡ። ሰውየውን፣ "ወንድሜ፣ የፍሪጅ መድኃኒት ከኔ ወስደህ ከሆነ እንዳትጠቀም፣ ተበላሽቷል" አሉት። በልቤ የያዝኩባቸው ነገር ያኔ ለቀቀኝ።

ወዲያው አዲስ አበባ ላለ ወዳጃቸው ደወሉ። ኢንሱሊኑ በማታው መኪና በበረዶ ሳጥን ተጭኖ እንዲመጣ ተስማሙ። እኔ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሁሉን ሰምቶ፣ "ጎሽ፣ እንኳን ደወልሽ" አለኝ። "አዲሱን ስትጀምሪ ወደ ድሮው መጠን ተመለሺ። አሁን ባለው መጠን ደህናውን መድኃኒት ብትወጊያት ስኳሯ ወድቆ አትነቃም ነበር።"

ምክንያቱን ሳላውቅ ደህናው መድኃኒት ከሌላ ቦታ ተገኝቶልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ደስ ብሎኝ በራሴ እጅ ነበር የምወጋት።

ሰኢድ ሊሄድ ተነሣ። ቤት ሄደን እህል ቅመስ አልኩት። "የዐስር ሶላት እንዳያመልጠኝ፣ እዚሁ ልስገድና ልሂድ፤ መኪናም ያመልጠኛል" አለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሰገደ፤ እስኪጨርስ ማንም እንዳይገባበት መጋረጃው አጠገብ ቆምኩ። ሲወጣ፣ "አፉ ይበሉኝ እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለኝ።

"ጥፋት ያለበት ሰው ሱቁን ዘግቶ አይመጣም" አልኩት። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እኔ በንግግር ጎበዝ አይደለሁም። ያመሰገንኩት በኋላ፣ ብቻዬን ሆኜ ነው፤ እስከ ዛሬም በጸሎቴ ሰኢድን ከነእናቱ እጠራለሁ። እናቱን አይቻት አላውቅም።

ጽዮን ዛሬ ደህና ናት፣ አድጋለች። ጋሽ ወርቁም እዚያው አሉ፣ ቀልዳቸውም አልቀነሰም። ጠርጣራ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። ያን ልብ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን።

የዚያን ዕለት ማታ መድኃኒቱ መጣ። በድሮው መጠን ወጋናት። በማግሥቱ ጠዋት ስንለካት ወርዷል፤ ገና ደህና የሚባል አይደለም፣ ግን ወርዷል። ለአባቷ ትቻት ወደ ፋርማሲው ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ከማታ ጀምረው ኢንሱሊን ለወሰዱት ሁሉ ሲደውሉ አድረዋል። አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች፤ ሰላ ድንጋይ ነው ቤቷ፣ በፍታ ትባላለች፣ ስልክ የላትም። እሳቸው ቢሄዱ ለሚመጣው ሰው የሚነግር የለም።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኳቸው።

አዲሱን ብልቃጥ በረዶው እንዳይነካው በመሐረቤ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩት። መናኸሪያ ረዳቱ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

"እናቴ፣ ዕቃውን ከላይ ልጫነው።"

"አይሆንም። ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው።"

ሰላ ድንጋይ ወርጄ ጠይቄ ቤቷን አገኘሁት። በሩን አንኳኳሁ፤ የሚከፍት የለም። ደግሜ አንኳኳሁ። ከንፈሯ የደረቀ፣ ከስታ ዓይኗ የጎደጎደ ሴት ግድግዳ ተደግፋ ከፈተችልኝ። በአንድ እጇ መርፌ፣ በአንድ እጇ አሮጌውን ብልቃጥ ይዛለች።

"ከጋሽ ወርቁ ነው የመጣሁት" አልኳት። "ወጋሽው?"

"ገና ነኝ" አለችኝ።

ብልቃጡን ከእጇ ተቀበልኳት።